አንዱን ዓይን ሸፍኑለት

የግራ ዓይኔ ደካማ መሆኑን ያወቅሁት በ24 ዓመቴ፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የዓይን ምርመራ በሄድኩበት ቀን ነው። መርማሪዋ ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ እንድሸፍን ነገረችኝ። ሸፈንኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ነጭነቱ ይታየኛል፤ ከላይ ያለችው ትልቋ «ኢ» ግን አፏን በየት በኩል እንደከፈተች መለየት አቃተኝ። ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። መዳፌን ሳነሳ ሁሉም ጥርት ብሎ ተመለሰ።

ያን ሁሉ ዓመት ማንም አላወቀም። ዓይኔ አይንሸዋረርም፤ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሰሌዳ አነብ ነበር። ምልክቱ የነበረው ቤት ውስጥ፣ ቡና ላይ ነው። ስቀዳ የጀበናው አፍ ከስኒው ጠርዝ ይጋጫል፤ አለዚያም ቡናው ረከቦቱ ላይ ይፈሳል። «ልብሽ የት ነው?» ትለኛለች እናቴ። ቁጣዋን ፈርቼ አፉን ስኒው ላይ አስነክቼ መቅዳት ለመድኩ።

ሁለቱ ዓይኖቻችን ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ አንዱን ስኒ እኩል አያዩትም፤ ቀኙ የስኒውን ቀኝ ጎን ትንሽ ጨምሮ ያያል፣ ግራውም እንዲሁ በበኩሉ። አውራ ጣትዎን ፊትዎ ላይ ቀስረው ዓይንዎን ተራ በተራ ይጨፍኑ፤ ጣቱ ከበስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ሲዘል ያዩታል። አንጎል እነዚህን ሁለት ምስሎች አዋህዶ፣ ከልዩነታቸው ርቀትን ያሰላል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 ይህን ያሳየው ወረቀት ላይ በተሣሉ ሁለት ጠፍጣፋ ሥዕሎችና በመስታወት ብቻ ነበር።

ከአንዱ ዓይን የሚመጣው ምስል ከሕፃንነት ጀምሮ የደበዘዘ ከሆነስ? አንጎል ያንን ዓይን መስማት ይተዋል። ለዚህ ነው ለችግሩ የተሰጠውን «ሰነፍ ዓይን» የሚለውን ስም የምጠላው። ዓይኑ አልሰነፈም፤ ሰሚ አጣ እንጂ። የአንጎል ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለጥቂት ወራት ሰፍተው ዘጉ። ሲከፍቱት ዓይኑ ደህና ነበር፤ የአንጎል ሴሎቹ ግን ለእሱ መልስ መስጠት ትተው ነበር። ባደጉ ድመቶች ላይ ያንኑ ሲያደርጉ ይህ ጉዳት አልደረሰም። በ1981 ኖቤል ከተሸለሙባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። እኔ ከዚህ የምይዘው አንድ ነገር ነው፦ ጉዳቱም ፈውሱም ያለው ልጅነት ላይ ነው። ዓይኖቿ ከሕፃንነቷ ይንሸዋረሩ የነበሩት አሜሪካዊቷ ምሁር ሱዛን ባሪ በ48 ዓመቷ በልምምድ ርቀትን በሁለት ዓይን ማየት መጀመሯ እውነት ነው፤ ግን ልጆቻችንን ለእንዲህ ያለ ዕድል ትተን መቀመጥ የለብንም።

ልጄን በአራት ዓመቱ አስመረመርኩት። የእኔው ችግር ተገኘበት፤ የአንዱ ዓይን የመነጽር ቁጥር ከሌላው በጣም ይለያል። መነጽር ታዘዘለት፣ ደህናው ዓይን ደግሞ በቀን ሁለት ሰዓት በፕላስተር እንዲሸፈን። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ነበር፤ ፕላስተሩን ይገነጥለዋል፣ እኔ እመልሳለሁ። በኋላ ሰፌድ ላይ ምስር አብረን መልቀም ጀመርን። ደካማው ዓይን ጠጠሩን ከምስሩ እስኪለይ ስንት ቀን እንደፈጀ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሰሌዳው ላይ በደህናው ዓይን የሚያነበውን መስመር በሌላውም ያነበዋል።

ዓይኑ የሚንሸዋረር ሕፃን ያላቸው ወላጆች «ሲያድግ ይተወዋል» ሲሉ ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ዕድሜው ስድስት ወር ካለፈ ይተወዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ሐኪም ይየው። የማይንሸዋረረው ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ደህናው ዓይን የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ልጅዎ አንዱን ዓይን ሲሸፍኑት ዝም ብሎ፣ ሌላውን ሲሸፍኑት እጅዎን እየገፋ ካለቀሰ፣ ቀን ሳይቆጥሩ ይውሰዱት።

ልጄን ትምህርት ቤት ሳስመዘግብ የልደት የምስክር ወረቀትና ጉርድ ፎቶግራፍ ተጠየቅሁ፤ ስለ ዓይኑ የጠየቀኝ የለም። ቅጹ ላይ ሁለት ባዶ ቦታ ይጨመር፤ አንዱ ለቀኝ ዓይን፣ አንዱ ለግራ። ሁለቱም ለየብቻ ተመርምረው ይሞሉ።