ተማሪው ለአንድ ቀን ተከላ ብቻ አይጠራ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ይፋ መደረጉ ይታወሳል። ክረምት ሲገባ ተማሪዎችም ችግኝ ይዘው ወደ ተራራ ይወጣሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ተማሪን ለጉልበቱ ሲባል ለአንድ ቀን ብቻ መጥራት ለልጁም ለመሬቱም የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው ብለን እናምናለን።

በክረምት ዝናብ በሚታረስባቸው አካባቢዎች ችግኝ የሚተከለው በሐምሌና በነሐሴ፣ ማለትም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት ነው። በውሃ እጦትና በልቅ ግጦሽ የሚጎዳው ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ተማሪው በትምህርት ገበታው ላይ ይገኛል። ስለሆነም የተማሪው ዋና ድርሻ ከመትከል ይልቅ መከታተል ሊሆን ይገባል።

በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከብት የሚጠብቁት እነዚሁ ልጆች ናቸው። የትኛው ቦረቦር እንደሰፋ፣ የትኛው ምንጭ እንደደረቀ ቀድመው ያያሉ። አንድ ቦታ ከግጦሽ ቢከለል እረኛው ካልመከረበት ክልከላው አይጸናም። ስለዚህ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

ለመጀመሪያ ጊዜ በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ያለ አንድ ቦረቦር መምረጥ ይበቃል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. በመስከረም ተማሪዎች ከቦረቦሩ አፋፍ ራቅ አድርገው ችካል ይትከሉ፤ ከችካሉ እስከ አፋፉ ያለውንም ርቀት ለክተው ይመዝግቡ። በሚቀጥለው መስከረም እንደገና ሲለካ የጠፋው መሬት በቁጥር ይታወቃል።

2ኛ. ውጤቱን ራሳቸው ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስብሰባ ያቅርቡ። አባላቱም ስለ ጥበቃውና ስለሚታጨደው ሣር ክፍፍል ከእነርሱ ጋር ተወያይተው ይወስኑ።

3ኛ. በሦስት እንጨት፣ በገመድና በድንጋይ ኤ-ፍሬም ሠርተው የእርከን መስመር ማውጣትን ይለማመዱ። ከቦረቦሩ በላይ ያለው ውሃ ካልተያዘ ከታች የሚሠራውን ክትር ጎርፍ ይወስደዋል።

4ኛ. በትምህርት ቤቱ ግቢ ቬቲቨር ሣር ያባዙ። ይህ ሣር ከጉቶው እየተገነጠለ ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ. ርቀት በመስመር ይተከላል።

5ኛ. በጥቅምት፣ በጥርና በሚያዝያ የጸደቁትን ችግኞች ይቁጠሩ፤ የደረቁትም በምን ምክንያት እንደደረቁ ይጻፉ።

ልጆች ቦረቦር ውስጥ ገብተው እንዲቆፍሩ ወይም ከባድ ድንጋይ እንዲሸከሙ ማድረግ አይገባም። ቅንጨ አረምም ቆዳን ስለሚያሳክክና መተንፈሻን ስለሚያውክ በባዶ እጅ እንዲነቅሉ ማሰማራት ስሕተት ነው።

መምህራን የትምህርት ጊዜ ይባክናል ብለው ይሰጉ ይሆናል። ነገር ግን ርቀት መለካት ሒሳብ፣ የአፈርን መሸርሸር መከታተል ሳይንስ፣ ለጉባኤ ሪፖርት ማቅረብም ቋንቋ ነው። የልማት ሠራተኛው ሥራ መምህሩንና ማኅበሩን ማገናኘት ነው።

በመጨረሻ ለማኅበራት የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ልጆቹ ለክተው ያመጡትን ቁጥር ሰምቶ ዝም ማለት ከናካቴው ካለመጥራት የከፋ ነው። መሬታቸው ሲታጠብ አይተው የተናገሩ ልጆች ሰሚ ካጡ ነገ ያንኑ መሬት ሲረከቡ ለመንከባከብ ልብ አይኖራቸውም።