ያመረቀዘ ፔስሜከር በእንክብል አይድንም!

ፔስሜከር የተተከለለት ሰው ወራት ቆይቶ መሣሪያው ደረቱ ላይ የተቀበረበት ቦታ ይቀላበታል፣ ያብጥበታል፣ ይጠዘጥዘዋል። ምን ያደርጋል? ሠፈሩ ካለው ፋርማሲ ጎራ ብሎ አሞክሳሲሊን ይገዛል። ሻል ይለዋል። ወር ሳይሞላ መግሉ ተመልሶ ይመጣል። አሁንም ሌላ እንክብል! አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፔስሜከር ባዕድ አካል ነው፤ ደም አይዞርበትም። ባክቴሪያው በመሣሪያውና በሽቦዎቹ ላይ ዝልግልግ ሽፋን ሠርቶ ይመሽጋል፤ መድኃኒቱ ዙሪያውን ቢያጸዳም ምሽጉን አይሰብረውም። ሽቦው ደግሞ በደም ሥር አልፎ ልብ ውስጥ የገባ ነውና፣ ከቆዳ ሥር የጀመረው ጣጣ እሱኑ ተከትሎ ልብ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ፣ በ2020 ደግሞ የአውሮፓ የልብ ምት ሐኪሞች ማኅበራት ያወጧቸው ሰነዶች አንድ ቃል የሚናገሩት፦ ኢንፌክሽኑ ኪሱ ውስጥ ከገባ መሣሪያው ከነሽቦው ይውጣ! አንቲባዮቲኩ የዚህ አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም። በሽታው ከኪሱ ካላለፈ መሣሪያው ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃል፤ ደም ውስጥ ከገባ ግን ይረዝማል። አዲሱ የሚተከለው ደሙ ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጦ፣ በሌላው ጎን ነው። በቀዶ ጥገናው ሰሞን ስፌቱ ላይ ብቻ የሚታይ ቀላል ቁስል በመድኃኒት ሊድን ይችላል፤ ይህን የሚለየው ግን ሐኪሙ እንጂ ፋርማሲስቱ አይደለም። «በመርፌ እንምጠጥልህ» የሚል ካለም እሺ አትበሉ። መርፌው ራሱ ጀርም ይዞ ይገባል።

«ያገለገለ መሣሪያ ስለሆነ ነው» የሚሉም አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ካናዳ ውስጥ ተሰብስበው ከጸዱ በኋላ በሜክሲኮና በሌሎች ሦስት አገሮች ለ1,051 ሰዎች የተተከሉትን መሣሪያዎች ከአዲሶቹ ጋር አነጻጽሯል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያመረቀዘባቸው ያገለገለ ከተተከለላቸው 2 በመቶ፣ አዲስ ከተተከለላቸው 1.2 በመቶ ነበሩ። አጥኚዎቹ ልዩነቱ በአኃዝ ስሌት የጎላ አይደለም ብለዋል። ስለዚህ አዲስ ገዛሁ ያለም አይዘናጋ!

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ከውጭ የሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች እዚህ አገር ፔስሜከር በነጻ ተክለዋል። እግዚአብሔር ይስጣቸው! ለመሆኑ ፎቶው ተነስቶ፣ ምስጋናው ተነግሮ፣ ቡድኑ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ ያመረቀዘበት ሰው የማንን በር ያንኳኳ? ከዓመት በላይ የቆየ ሽቦ ከደም ሥሩ ጋር ይጣበቃል፤ ማውጣቱ ልዩ መሣሪያ፣ የሠለጠነ እጅና ተጠባባቂ የቀዶ ጥገና ቡድን ይጠይቃል። ያለመሣሪያው ልቡ የማይመታለት ሰው ደግሞ አዲሱ እስኪተከል ጊዜያዊ ፔስሜከር ያስፈልገዋል። ምስኪኑ «ይውጣ» ሲባል «ሌላውን ማን ይገዛልኛል?» ብሎ መግሉን በነጠላ ሸፍኖ ቢቀመጥ ይፈረድበታል?

ጤና ሚኒስቴር ፔስሜከር እንዲተከል ሲፈቅድ ማውጫውንም አብሮ ያስብ። ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የተተከለበት ቀን፣ ቦታው ቢቀላ ወይም ትኩሳት ቢይዘው በየትኛው ስልክ እንደሚደውል በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ይሰጠው። ያመረቀዘበት ሰው ምትክ ለማግኘት ቀጣዩን የውጭ ቡድን እንዳይጠብቅ መጠባበቂያ ፔስሜከር መጋዘን ውስጥ ይቀመጥ።