እምቦጭም አረንጓዴ ነው!

እስቲ ንገሩኝ፣ እዚህ ዓለም ባንክ ለበዓል ቄጤማ የማይጎዘጎዝበት ቤት ስንት ነው? ዋጋው ላይ እንከራከራለን፤ የት እንደበቀለ ግን ጠይቀን አናውቅም። ቄጤማ የረግረግ ልጅ ነው። ረግረግን ደግሞ «ባዶ መሬት» ብለን ሲኖትራክ የቁፋሮ አፈር እንዲገለብጥበት የፈረድነው እኛው ነን።

ባዶ? የኦሮሚያ ምክር ቤት እኮ «ጨፌ» የተባለው አባቶች ለምለም መስክ ላይ ተሰብስበው ሕግ ያወጡ ስለነበር ነው! ኢሉባቦር ውስጥ ጨፌ የቤት ክዳን ነው። እዚያ ረግረጉን በቦይ አጠንፍፎ በቆሎ መዝራትም የቆየ ነው። በልኩ ሲሆን መሬቱ ያገግማል፤ ከልክ ሲያልፍና ከብት ሲለቀቅበት ግን ጨፌው ይጠፋና ተራ ሣርና አረም ይተካዋል።

ምስጢሩ አፈሩ ነው። ውሃ የሞላው አፈር አየር ስለሌለው የሞተ ተክል ፈጥኖ አይበሰብስም፤ እየተደራረበ ጥቁር ስፖንጅ ይሆናል። ክረምት ይጠጣል፣ በጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ሲጠነፈፍ አየር ይገባል፣ ክምችቱ ይበሰብሳል፣ ካርቦኑ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ መሬቱም ይሰምጣል። ችግኝ በአንድ ቀን ይተከል ይሆናል፤ እንዲህ ያለ አፈር ግን በዘመቻ አይሠራም።

«ከተማችን አረንጓዴ እየሆነች አይደል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ሊያለማ ነበር የታቀደው። መናፈሻ አልጠላም። ግን በግንብ መሀል የተነጠፈ ሣር ረግረግ አይደለም፤ ግንቡ ጎርፉን ወደ ታች ያጣድፈዋል እንጂ አይውጠውም። አረንጓዴነት ብቻ ማስረጃ ከሆነማ እምቦጭም አረንጓዴ ነው! ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣና ላይ የተስፋፋውን እምቦጭ ማን «ልማት» አለው? ትንሹ አቃቂ የምዕራብ አዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚገባበት አባ ሳሙኤልም በዚሁ አረም የተወረረ ነው። ፍሳሻችን ቀለቡ ነውና!

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የከተማው ፕላን ላይ ረግረግ «ረግረግ» ተብሎ ወሰኑ ይሰመር። አፈር ከመደፋቱ በፊት አንድ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ይታይ፣ የበቀለው ይቆጠር። ቄጤማ ካለበት ቦታው ባዶ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው።

ይህ ቅንጦት ከመሰላችሁ፣ የጀበና ቡና የሚሸጥባቸውን በረንዳዎች ተመልከቱ። የፕላስቲክ ቄጤማ መጎዝጎዝ ጀምረናል።