የሁርሶን ግራር እንጠብቅ፣ ፕሮሶፒሱን እንንቀል

ሁርሶ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ወታደራዊ ማሰልጠኛው ነው። በመኪና የሚያልፈው መንገደኛ ደግሞ በመስኮት አይቶ «ባዶ መሬት» ይላል። ባዶ አይደለም አቦ!

አንድ ትልቅ ግራር ሥር ጎንበስ ብላችሁ አፈሩን ቆንጠር አድርጉ። ከጥላው ውጪ ያለው በፀሐይ ደርቆ ጠጥሯል፤ ከጥላው ሥር ያለው ለስላሳ ነው። የረገፈው ቅጠል፣ የፍየሉ በጠጥ፣ የወፉ ኩስ እዚያ ይከማቻል። በግራሩ ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ዛፉን ይመግቡታል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ አፈሩም ይጠግባል። ዝናብ ሲጥል ከገላጣው የሚንሸራተተው ውሃ እዚህ ሲደርስ ይሰርጋል። ሣሩ የላይኛውን እርጥበት ይጠጣል፣ ዛፉ ጥልቁን ይፈልጋል። በእሾሃማ ቁጥቋጦ መሐል የበቀለች የቁርቁራ ቡቃያ ደግሞ ፍየል ሳያገኛት ታድጋለች። ገላጣው ውሃ ይሰበስባል፣ ጥላው ይይዛል። ስለዚህ ገላጣ በታየበት ሁሉ ችግኝ እንትከል የሚለውን ሐሳብ አልቀበለውም።

ግራር ለከሰል ሲወድቅ እንግዲህ ሣሩም አብሮ ይሄዳል፣ ውሃውም ማረፊያ አጥቶ ጎርፍ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደባት ድሬዳዋ ጎረቤታችን ናት። ስለ ጎርፍ እኛን የሚያስተምር አያስፈልግም።

ሣሩን የሚያጠፋው ግራር መቁረጥ ብቻ አይደለም፤ ፕሮሶፒስም አለ። ፕሮሶፒስ በረሃን ይገታል ተብሎ የመጣ የላቲን አሜሪካ ዛፍ ነው። ፍሬውን ከብት ይበላዋል፣ ዘሩ ከነሕይወቱ በእበት ይወጣል፤ ጥቅጥቅ ብሎ ሲይዝ ሣር ያሳጣል። ከላይ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ከመጪው ዝናብ በፊት እንነሳ! ወጣቶች፣ ዶማና አካፋ ያዙ፤ የፕሮሶፒሱን ጉቶ ከመሬት በታች ቆፍራችሁ ካልቆረጣችሁት ድካማችሁ ከንቱ ነው። ከሰል የምታከስሉ፣ ግራሩን ተዉና ፕሮሶፒሱን አክስሉ፤ ከሰሉ ጥሩ ነው። አርብቶ አደሮች፣ የፕሮሶፒሱን ፍሬ ለቅማችሁ ዘሩ እስኪደቅ ካልፈጫችሁ ለከብት አትስጡ። ሽማግሌዎች፣ ከቀበሌው ጋር ተቀመጡና አንድ ተፋሰስ ከንክኪ ነፃ ይደረግ፤ ሣሩ በማጭድ ይታጨድ፣ ከብት ግን አይግባ። ያለዚህ ስምምነት የእኛ ቁፋሮ የአንድ ሰሞን ወሬ ሆኖ ይቀራል። የማሰልጠኛው አመራሮች፣ የብዙ ሰው ጉልበት በእጃችሁ ነውና አንድ ቅዳሜ ስጡን። ድሬዳዋ ያላችሁም ከሰል ስትገዙ ከምን እንጨት እንደከሰለ ጠይቁ፤ የግራር ከሆነ አትግዙ።

ሥራው ከደረቁ ወንዝ ዳር ይጀመር፤ ጎርፍ ዘሩን ጠርጎ ወደ ታች የሚያወርደው ከዚያ ነው።