ኤሊ ጓደኛ አትፈልግም

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የምትኖር ኤሊ አለች። ከአዋሽ በመኪና ጭነው ያመጧት የግቢው አባወራ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። እሷ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ወጥታ ትሞቃለች።

ባለፈው ወር ከቤተሰቡ አንዱ ከዝዋይ ሲመለስ መዳፍ የምታህል ኤሊ ከመንገድ ላይ ገዝቶ መጣ። የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጅ ደስታውን አልቻለም። «ትልቋ ብቻዋን ስለሆነች ታዝናለች» ብሎ አንድ ላይ አደረጋቸው። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ትንሿ በጀርባዋ ተገልብጣ፣ እግሯን እያወራጨች፣ የቀትር ፀሐይ ላይ አገኛት። ደግነቱ በሕይወት ነበረች። ልጁ ግን «በእኔ ምክንያት ልትሞት ነበር» እያለ እራቱን ሳይበላ ተኛ።

አያቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ትልቋ ክፉ ሆና ነው ወይስ እኛ አጥፍተን?» አሉኝ።

እማማ፣ ትልቋ ክፉ አይደለችም። የእኛ አገር የየብስ ኤሊዎች በዱር ሲኖሩ በአብዛኛው ብቻቸውን ይግጣሉ፣ ብቻቸውን ይተኛሉ። ብቸኝነትን የምንፈራው እኛ ነን። ለኤሊ ሌላ ኤሊ ማለት ምግቧንና ፀሐይ የምትሞቅበትን ቦታ የሚሻማ ነው። ስለዚህ በድንጋይ ልብሷ ፊት ትገፋለች፣ ትወጣበታለች። እኩያዋ ከሆነ ይቋቋማታል፤ ትንሽ ከሆነ ይገለበጣል። የኤሊ ሳንባ ያለው ከጀርባዋ ልብስ ሥር ነው። ስትገለበጥ ሌላው የሆድ ዕቃዋ ሳንባዋን ይጫነዋል፤ ፀሐይ ከተጨመረበት ደግሞ ብዙ ሳትቆይ ልትሞት ትችላለች።

በአገራችን ሁለት ትልልቅ የየብስ ኤሊዎች አሉ። አንዷ እንደ ነብር ዥንጉርጉር ናት። ሌላዋ ቡናማ፣ ጭኗ ላይ ሹል እሾህ ያላት የበረሃ ኤሊ ስትሆን ከ50 ኪሎ በላይ ልትመዝን ትችላለች። ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ደሴቶች ግዙፍ ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም ትልቋ እሷ ናት። ሁለቱ ዘሮች አንድ ላይ መያዝ የለባቸውም፤ አንዷ ሳትታመም ተሸክማው የምትኖረው በሽታ ሌላዋን ሊገድል ይችላል።

መጠናቸው የተለያየ ኤሊዎች ያሉበት ቤት እንግዲህ እንዲህ ያድርግ፦

በመካከላቸው ግንብ ወይም ጣውላ ይቁም። ሽቦ አይሆንም፤ ከተያዩ ቀኑን ሙሉ ሲገፉት ይውላሉ። የበረሃዋ ኤሊ ጉድጓድ ቆፋሪ ስለሆነች የግድግዳው መሠረት ጠለቅ ይበል።

አዲስ የመጣች ኤሊ ቢያንስ ሦስት ወር ለብቻዋ ትቆይ፤ የውኃ ሳህኗም የራሷ ይሁን። የትንሿ ውኃ ከአገጭዋ አይለፍ፤ በትልቋ ሳህን ውስጥ ልትሰጥም ትችላለች።

ምግባቸው ሣርና እሾሁ የተላጨ የበለስ ቅጠል ነው። እንጀራና ዳቦ አይስማማቸውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እነሱ ግን የቆላ ልጆች ናቸው። ለክረምቱ ዝናብ የማይገባበት ደረቅ ማደሪያ ካላገኙ ሳንባቸው ይታመማል።

የልጆቹንም ነገር አንርሳ። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም ልትሸከም ትችላለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ልብሳቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ትንንሾቹን አፋቸው ውስጥ የሚከቱ ሕፃናት ስለታመሙ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይነካቸው ይሻላል፤ የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሳህናቸውም ወጥ ቤት ውስጥ አይታጠብ።

ለእማማ መንገር የከበደኝ የመጨረሻው ነገር ነበር። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ከመንገድ ዳር አንዷን ስንገዛ ነገ ሌላ እንድትለቀም እናደርጋለን። ስለ ትንሿም ስለ ትልቋም የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው አልኳቸው።

እማማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስልኩን ለልጁ ሰጡት። የነገርኩትን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «እዚያ ብቻዋን ያደርጓታል?»

«አዎ፣ ብቻዋን» አልኩት።

«እንግዲያው ትሂድ» አለኝ።