ስለ ኤሌክትሪክ ኃይልና ስለ መረጃ ማዕከሎች

ለአንድ አገር ኃይልን ማግኘት ታላቅ ነገር ነው፤ የተገኘውን ኃይል በሥርዓት ማካፈል ግን ከዚህ የማያንስ ሥራ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ችሎታውም 5,150 ሜጋዋት ነው። ስለዚህ ኃይሉ ከወዴት ይመጣል ይባል የነበረው ጥያቄ ቀለል ብሎ፣ ኃይሉ ለማን፣ በምን ተራና በምን ዋጋ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ በፊት ቆሟል።

ይህን ጥያቄ በምዕራብ ሐረርጌ ካለችው ከአሰቦት ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። አሰቦት አስቀድማ በገዳሟ፣ በኋላም በአሮጌው ምድር ባቡር ጣቢያነቷ የታወቀች ናት። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ምድር ባቡርም በአሰቦትና በሚኤሶ አካባቢ የሚያልፈው በኤሌክትሪክ እየተጐተተ ነው። ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ኃይል እንዲሁ የሐረርጌን ምድር ይሻገራል። ነገር ግን ታላቁ ሽቦ በላይ ማለፉ ብቻ በታች ላለው ቤት ብርሃን አይሆነውም፤ ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመርና የመንደር መሥመር ያስፈልገዋልና። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ገና ኤሌክትሪክ ያላገኘበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የደረሰለትም ቢሆን መቈራረጡ ያስቸግረዋል።

በዚህ ላይ አዲስ ተካፋይ መጥቷል፤ ይኸውም በተለምዶ ዳታ ሴንተር የሚባለው የመረጃ ማዕከል ነው። የባንክ ሒሳብ፣ የመሥሪያ ቤት መዝገብ፣ በስልክ የሚላከው ገንዘብ በኮምፒዩተር ተጽፎ የሚጠበቀው በዚህ ቤት ነው። በአዲስ አበባም በአይሲቲ ፓርክ ራክሲዮና ዊንጉ የተባሉ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ማዕከል አቁመዋል። የዚህ ቤት ጠባይ ከሌላው ይለያል። ወፍጮ ኃይል ቢቋረጥበት እህሉ ይቈያል እንጂ አይጠፋም፤ የመረጃ ማዕከል ግን ለአፍታ እንኳ ቢቋረጥበት በእርሱ የሚሠራው ሁሉ ሥራ ይፈታል። ኮምፒዩተሮቹም ቀንና ሌሊት ሲሠሩ ብርቱ ሙቀት ስለሚያወጡ ለማቀዝቀዣ ሌላ ኃይል ይፈጃሉ።

በውጭው ዓለምም ነገሩ አልቀለለም። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ድርጅት እንደ ገመተው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 የመረጃ ማዕከሎች 415 ቴራዋት ሰዓት ያህል ፈጅተዋል፤ ይህም ከዓለም ፍጆታ ከመቶ አንድ ተኩል እጅ ነው። በአየርላንድ በ2015 ከመቶ 5 የነበረው ድርሻቸው በ2023 ከመቶ 21 ደረሰ። ስለዚህ የዚያ አገር የኃይል ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2025፣ አዲስ ታላቅ ማዕከል የሚያቆም ሁሉ ለፍጆታው የሚበቃ ማመንጫ ወይም ባትሪ በግቢው ወይም በአቅራቢያው እንዲያዘጋጅ ደነገገ። ባለጠጋው አገር እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ ብዙ ሕዝቡ በኩራዝ የሚያመሽ አገር ይልቁን ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ኃይልን በግቢ ማዘጋጀት ዘይታቸውን በማሰሮ ይዘው እንደ ወጡት ልባሞች ደናግል መሆን ነው። ሆኖም ዋጋ አለው። መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያ ባትሪው ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ ከዚያ የናፍጣ ጀኔሬተር ይተካል። ናፍጣው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ፀሐይ በቆላው ምድር ሞልታለች፤ ነገር ግን ሌሊት ስለማትገኝ ብዙ ባትሪ ትፈልጋለች። የወንዙም ኃይል ቢሆን በዝናም ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ደግሞ ከውሃ የሚገኝ ነው።

ደግሞ ፈላጊውን ሁሉ በአንድ ዐይን ማየት አይገባም። ባለፉት ዓመታት ቢትኮይን የሚባለውን ገንዘብ የሚያወጡ ኩባንያዎች በውጭ ምንዛሪ እየከፈሉ ብዙ ኃይል ገዝተዋል። ገቢው የሚናቅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2017 ዓ.ም. አዲስ ጠያቂ መቀበሉን እንዳቆመ አስታውቋል። የእነዚህ ኮምፒዩተሮች ሥራ ለአንድ ሰዓት ቢቆም የሚጐዳው ባለቤቱ ብቻ ነው። የባንክና የመንግሥት መዝገብ የሚጠበቅበት ቤት ቢቆም ግን ጉዳቱ ለሕዝብ ይተርፋል።

እንግዲህ ሥርዓቱ በዚህ ልዩነት ላይ ቢመሠረት መልካም ነው። ሊቋረጥ የሚችለው ሥራ ከሕዝቡ የተረፈውን ኃይል ይግዛ፤ ኃይል ሲያንስም ፊተኛ ሆኖ ይቋረጥ። ሊቋረጥ የማይችለው ማዕከል የግቢውን ማመንጫና ባትሪ በራሱ ወጪ ያቁም፤ ለእርሱ የሚዘረጋውን መሥመርና ጣቢያም ዋጋ ይክፈል። ከዚህ ሽያጭ ከሚገኘው ገንዘብ የታወቀ ክፍል ደግሞ እንደ አሰቦት ላሉት ከተሞች ማከፋፈያና ትራንስፎርመር ይለይ። ይህ በውልና በደንብ ካልተጻፈ፣ ኃይሉ በበዛ ቍጥር ብርቱው እየቀደመ ደካማው ወደ ኋላ ይቀራል። ቆላውን ተሻግሮ የሚሄደው ኃይል በመንገዱ ላሉትም ብርሃን ሲሰጥ ግን፣ የግድቡ ድካም ፍሬ ማፍራቱ ለሁሉ ይታያል።