«ዶ» ከሸዋ በር ይነሣል

ባለፈው ሰሞን ሐረር ላይ አንዲት ወዳጄ ቡና ጠርታኝ ነበር። ቀን መሥሪያ ቤት ውላ ማታ ልጆቿን የምታስጠና እናት ናት። ሽንኩርት ስትከትፍም ሆነ ልብስ ስታጥብ እያንጎራጎረች ነው የማውቃት። የዚያን ዕለት ግን ድምጿ ጠፋ። «ምነው ዝም አልሽ?» ብላት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን በዓይኗ አሳየችኝ። ልጅቱ ኦርጋን መማር ከጀመረች ወዲህ፣ «እማዬ፣ ያንቺ ዘፈን እኮ ኖታ የለውም» ብላታለች። የእህቷ ልጅ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ዘፈን የምታወርደው እሷ ነበረች። «ልጄን ከማሳፍር ሌላ ሰው ታውርድ» አለችኝ።

ይህን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እናት በትዝታ ቅኝት እንድታንጎራጉር፣ ልጅ ደግሞ በኦርጋኑ እየተከተለች እንድትፈልግ ለመንኳቸው። ልጅቱ ጣቷን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስታደርግ ቆይታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ አገኘች። ፋና ሲን ሳትነካ ዘፈኑ አለቀ። ሜጀር የሚባለው ትዝታ እነዚህ አምስት ድምፆች ናቸው። ባቲ ደግሞ ሬንና ላን ትቶ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይላል። አምባሰልና አንቺ ሆዬም እንደዚሁ አምስት አምስት ድምፅ አላቸው።

የሚያስቀው ግን ይህ ነው፦ ትዝታን የሚዘፍን ሰው «ትዝታ» እያለ የቅኝቱን ስም ራሱ ይጠራል። «አንቺ ሆዬ»ም የጥሪ ቃል ሆኖ ሳለ የቅኝት ስም ሆኗል። እዚያው ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወረድ ሲሉ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት መንገድ «መኪና ግርግር» የሚባለው በስፌት መኪናው ድምፅ አይደለምን?

በውጭው ዓለምም ዘፈን ስለ ራሱ ሲያስተምር ኖሯል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጊዶ የተባለ የጣሊያን መነኩሴ እያንዳንዱ ሐረግ ከቀደመው ከፍ ብሎ በሚጀምር የላቲን መዝሙር መዘምራኑን ያስተምር ነበር፤ የኖታዎቹ ስም የመጣው ከሐረጎቹ መነሻ ነው። «ዶ» እንኳ ያኔ «ኡት» ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» በተባለው ፊልም ደግሞ አንዲት ሞግዚት ሰባቱን ኖታ በቀልድ እየዘፈነች ለልጆች ታስረዳለች።

ይህን ሳወራ ወዳጄ ሲኒዎቹን ማጠብ ጀምራለች። ድንገት፣ «አምስት ከሆነ እኮ የጀጎል በር ነው!» አለች። ከዚያ እያንዳንዱን ስንኝ በየድምፁ እያስነሣች እንዲህ አወረደችው፦

ከሸዋ በር ዶ ብዬ፣ ቡዳ በር ሬ አልኩኝ፣
ሰንጋ በር ሚ ብዬ፣ ሶል ኤረር ደረስኩኝ፣
ፈላና ላ ሲለኝ፣ ከፍ ብዬ ጮኽኩኝ፣
ዞሬ ሸዋ በር ነኝ፣ ዶ መልሶ አገኘኝ።

በሳቅ ፈረስን። ግን ልብ በሉ፤ ነገሩ ትክክል ነው። ግንቡን ዙራችሁ ሸዋ በር ስትመለሱ በሩ ያው ነው፣ እናንተ ግን አንድ ዙር ጨርሳችኋል። የላይኛዋ ዶም የታችኛዋው ዶ ሆና አንድ ደረጃ ከፍ ያለች ናት። የኦርጋን አስተማሪዎች ይህን «ኦክታቭ» ይሉታል፤ በእኔ አስተያየት የወዳጄ አባባል ቶሎ ይገባል።

ልጅቱ ግን በቀላሉ የምትረታ አልሆነችም። «ፋና ሲስ የት ገቡ?» አለች።

«ሠርጉ ላይ አልተጠሩም» አለቻት እናቷ።

«ባቲ ሲሆንስ? ባቲ እኮ ፋና ሲ አለው! ግንቡን ልታፈርሺ ነው?»

ወዳጄ ሲኒዋን አስቀምጣ ጥቂት አሰበች። «ምን አፈርሳለሁ? በሩ ያው አምስት ነው፤ ስሙን መለወጥ ነው እንጂ። እኛ ሸዋ በር የምንለውን ሐረሪዎቹ አስማዲን በሪ ይሉት የለም?»

ልጅቱ መልስ አጥታ ወደ ኦርጋኗ ዞረች። እናቷ ደግሞ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች፣ ለሠርጉ የምታወርደውን ዘፈን ከመጀመሪያው ያዘችው።